የመክፈቻ ዋጋ፦ የአንድ አሮጌ ትራክተር ሞተርና ፍሪሲዮን በውስን በጀት ስለ ማደስ

በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ የቀረበ



በዚህ አዳራሽ ስለ ሮቦትና ስለ ታዳሽ ኃይል የረቀቁ ንግግሮችን ሰምተናል፤ እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ግን ዘይት የጠጣ ጉዳይ ነው። ስለ አንድ አሮጌ ትራክተር፣ ስለ ሞተሩና ስለ ፍሪሲዮኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘብ ሲያንስ የትኛው ዕቃ መቀየር፣ የትኛውም መቆየት እንዳለበት ስለምንወስንበት መንገድ እናገራለሁ።

አንድ የቃላት ማሳሰቢያ ላስቀድም። በክፍል ውስጥ ክላች፣ ክራንክሻፍት፣ ሲሊንደር ሄድ፣ ጊርቦክስ የምንላቸውን በጋራዥ ፍሪሲዮን፣ ኮሎ፣ ቴስታታ፣ ካምቢዮ ይሏቸዋል። ከጣልያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው። እኔም ዛሬ በአብዛኛው በጋራዥ ቋንቋ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ ነጋዴው የሚሰማችሁ በዚያ ቋንቋ ነው።

ትራክተሩ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። ባለቤቶቹ በአርሲ፣ ከአሰላ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አሥራ አንድ አባወራዎች ናቸው። የራሳቸውን ማሳ ያርሱበታል፣ ለጎረቤት በኪራይ ያርሱበታል፣ በበጋ ደግሞ የበቆሎ መፈልፈያና የውኃ መሳቢያ ያዞሩበታል። ወደ ወርክሾፓችን በጥር ወር በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ብሎ፣ ሲነሣም ሰማያዊ ጭስ እያጨሰ፣ ፍሪሲዮኑም ማረሻው መሬት ሲነክስ እየተንሸራተተ ነበር። አዋጥተው የያዙት ገንዘብ አንድ ጋራዥ ለሙሉ ዕድሳት ከጠየቃቸው ዋጋ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ካልተመለሰላቸው የዓመቱን እርሻ በኪራይ ትራክተር ሊያሳርሱ ነው፤ ኪራዩ ያዋጡትን ገንዘብ ይበላዋል፤ ገንዘቡ ከተበላ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚታደስ ትራክተር አይኖርም። እንግዲህ ጉዳዩ የአሮጌ ዕቃ ፍቅር አልነበረም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። 135 የተመረተው በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ፣ ባነር ሌን በተባለው ፋብሪካ፣ ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ፋብሪካ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሃሪ ፈርጉሰን ትንሿ ግራጫ ትራክተር ትሠራ ነበር፤ ማረሻን በሦስት ነጥብ አንጠልጥሎ በሃይድሮሊክ የሚቆጣጠረው ሥርዓት በዓለም የተስፋፋው በእርሷ ነው። የ135 ሞተር የፐርኪንስ ሥራ ነው። ማሲ ፈርጉሰን የፐርኪንስን ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል። ሦስት ሲሊንደር፣ የውስጥ ስፋት 91.4 ሚሊሜትር፣ የፒስተን ጉዞ 127 ሚሊሜትር፤ ብታሰሉት ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 834 ሲሲ፣ በድምሩ 2.5 ሊትር ይሰጣችኋል። ለኪሳችን ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፦ ይህ የትራክተርና የሞተር ቤተሰብ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ በፈቃድ ተመርቷል፤ ስለዚህ ፋብሪካው ምርቱን ካቆመ ግማሽ ምእት ዓመት ቢያልፍም ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ የፍሪሲዮን ዲስኩ ዛሬም አዲስ ሆኖ ይገኛል። በጥቂት ገንዘብ ትራክተር ማንሣት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚመርጠው የመለዋወጫውን ዘመድ ብዛት ነው። ዘመድ የሌለው ብርቅዬ ትራክተር ለሙዚየም ይሁን።

አርሲ ከትራክተር ጋር ያላት ትውውቅ ረጅም ነው፤ ጣፋጭ ብቻም አይደለም። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት መቀመጫው አሰላ ነበር። በዚያ ዘመን ትራክተር መግዛት የቻሉ ባለ ርስቶች መሬቱን ራሳቸው ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከይዞታቸው ተፈናቅለዋል። መሬቱን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ለብዙ ገበሬ የትራክተር ድምፅ የመፈናቀል ድምፅ ነበር። ከባለቤቶቹ መካከል ያንን ጊዜ በልጅነታቸው የሚያስታውሱ አባት ነበሩ። አሁን በትራክተሩ ወንበር ላይ የሚቀመጡት የእርሳቸው የልጅ ልጅ ናቸው።

ወደ ሥራው ልግባ። የገንዘብ እጥረት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው «ርካሹን ልቀይር፣ ውዱን ላቆይ» ብሎ ነው። እኛ ከተማሪዎቹ ጋር የተጠቀምንበት መመዘኛ ከዚህ ይለያል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ አንደኛ፣ በልኬት ሲታይ ምን ያህል አልቋል? ሁለተኛ፣ ነገ ቢበላሽ እርሱ ጋ እንደገና ለመድረስ ምን ያህል ያስወጣል? ይህን ሁለተኛውን የመክፈቻ ዋጋ ብለነዋል። የመክፈቻ ዋጋ ማለት የዕቃው ዋጋ አይደለም፤ ዕቃው ካለበት ለመድረስ የሚፈርሰው ሁሉ፣ የሚጣለው ጓርኒሲዮን፣ የሚደፋው ዘይት፣ የሚቆመው የእርሻ ቀን ነው። በእጅ መዳፍ የምትያዝ ኩሽኔታ የመክፈቻ ዋጋዋ ከራሷ ዋጋ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ የውኃ ፓምፕ ውድ ቢሆንም ከፊት ለፊት ያለ ነው፤ ሁለት ቁልፍ የያዘ ሰው ዛፍ ሥር ይፈታዋል።

ከመክፈታችን በፊት ሞተሩን እዚያው ባለቤቶቹ ጋ ለክተነዋል፤ እዚህ ላይ በመማሪያ መጻሕፍት የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ የእመቃው ግፊትም በዚያው መጠን ይወርዳል። በባሕር ጠለል 28 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በአሰላ 21 ባር ገደማ ብቻ ያሳያል። ይህን ሳያገናዝብ የፋብሪካውን መጽሐፍ ከፍቶ ቁጥር የሚያነጻጽር ሰው የደጋውን ሞተር ሁሉ «አልቋል» ይለዋል። እንዲህ ተብለው የፈረሱ ጤነኛ ሞተሮች ቁጥር ቀላል እንዳልሆነ እገምታለሁ።

የእኛው ሞተር በአንደኛው ሲሊንደር 19፣ በሁለተኛው 18፣ በሦስተኛው 13 ባር አሳየ። ሁለቱ ደክመዋል እንጂ አልሞቱም፤ ሦስተኛው ግን ታሟል። ከተማሪዎቹ አንዱ ቤንዚን ሞተር ላይ እንደሚደረገው በሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምረን እንድንለካ ሐሳብ አቀረበ፦ ግፊቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው፣ ካላለ የቫልቭ ነው በሚል። ጥሩ ጥያቄ ስለነበር በሰሌዳ ላይ አሰላነው። የዚህ ሞተር የእመቃ ምጥጥን 18.5 ለ1 ነው፤ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 48 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ 5 ሲሲ ዘይት ብትጨምሩ ቦታው ወደ 43 ሲሲ ይጠባል፤ ምጥጥኑ ከ20 ያልፋል። ፋሻው ምንም ይሁን ምን ግፊቱ በዘይቱ ብቻ 15 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በናፍጣ ሞተር ላይ ይህ ፈተና ያሞኛል፤ ዘይቱ ከበዛ ደግሞ ቢዬላ ሊያጣምም ይችላል። አየር በአየር ማመቂያ አስገብተን ፉጨቱ ከየት እንደሚወጣ ማዳመጥን መረጥን። ፉጨቱ በዘይት መሙያው በኩል መጣ። ፋሻ ወይም ሲሊንደር ማለት ነው።

በወርክሾፑ ቴስታታው ሲነሣ የሦስተኛው ሲሊንደር ላይነር ቁመቱን ሙሉ ተጭሮ፣ የመጀመሪያው ፋሻም ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተገኘ። ልኬቱ እንዲህ ነበር፦ በሦስተኛው የሲሊንደሩ ስፋት ከአዲሱ ልክ በ0.21 ሚሊሜትር ጨምሯል፣ በሌሎቹ ሁለት በ0.12። ይህ ቁጥር ለጆሮ ትንሽ ነው። ነገር ግን የሲሊንደር ስፋት በ0.1 ሚሊሜትር ሲጨምር የፋሻው ጫፍና ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት በፓይ ተባዝቶ በ0.31 ሚሊሜትር ይሰፋል። 0.21 ሲሆን ክፍተቱ በ0.66 ሚሊሜትር ሰፋ ማለት ነው። አዲስ ፋሻ ብቻ ገዝቶ በአሮጌ ላይነር ላይ መግጠም፣ በርካሽ ማደስ ለሚሹ ሰዎች በየጊዜው የሚሸጥ መፍትሔ፣ በዚህ ልክ ላይ ገንዘብ መጣል ነው።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ሦስተኛውን ላይነርና ፒስተን ብቻ እንቀይር አሉ፤ ገንዘቡ በእርግጥ ይተርፋል፣ ሁለቱም ሲሊንደሮች ገና ይሠራሉ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከእኛ ጋር የሠሩ አንጋፋ መካኒክ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣» አሉ፣ «ቴስታታውን ዘንድሮ ከፍታችሁታል፤ ከርሞስ ማን ይከፍተዋል?» በአንድ ዐረፍተ ነገር የመክፈቻ ዋጋን አስረዱልን። በልኬቱ ሁለቱ ሲሊንደሮች ጥቂት የእርሻ ወቅቶች ይቀራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ጓርኒሲዮኑ፣ ዘይቱ፣ የሚቆመው ቀን ሁሉ እንደገና ይከፈላል። ሦስቱንም ቀየርን። ከጠቅላላው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የሄደውም እዚህ ነው።

አዲስ ዕቃ ስንገዛ አንድ ልማድ አስተዋውቄያለሁ፦ አዲሱንም እንለካለን። ፋሻውን በአዲሱ ላይነር ውስጥ በፒስተን ገፍተን ክፍተቱን፣ ፒስተኑን በማይክሮሜትር፣ ስፒናውንም እንዲሁ። በካርቶን ላይ የታተመ ስም ልኬት አይደለም።

ወደ ኮሎው ስንመጣ ተቃራኒውን አደረግን። ኮሎ ሁሌ መሞረድ አለበት የሚል ልማድ አለ፤ ሞተር ተከፈተ ማለት ኮሎው ወደ ቶርኖ ቤት ሄደ ማለት ነው። እኛ በየጉልበቱ ስድስት ቦታ ለካን። በብሎኩ ላይ የሚቀመጡት አራቱ ዋና ጉልበቶች ከልካቸው የወጡት በ0.02 ሚሊሜትር ውስጥ ነበር፤ አጥበንና አወልውለን በመደበኛ ልክ አዲስ ብሮንዚና ሰጠናቸው። ቢዬላ ከሚይዙት ሦስቱ ግን አንዱ 0.06 ሚሊሜትር ሞላላ ሆኗል። ክብ ብሮንዚና በሞላላ ጉልበት ላይ ዘይት አይይዝም። ስለዚህ ሦስቱን ብቻ በ0.25 ሚሊሜትር አሳነስናቸው፤ የዋናዎቹን የመሞረድ ዋጋ አተረፍን።

ለሚሞርደው ባለሙያ የሰጠነው ወረቀት ላይ ግን ከዲያሜትሩ ይልቅ በቀይ የተሰመረው ሌላ ነገር ነበር፦ ጉልበቱ ከጎኑ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት የማእዘን ክብነት እንዳይጠፋ። ድንጋዩ ጫፉ ሹል ሆኖ ከገባ ማእዘኑን ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ውጥረቱም እዚያች መስመር ላይ ይከማቻል። እንዲህ ያለ ኮሎ በልኬት ሁሉ ፍጹም ሆኖ ይወጣል፤ ከወራት በኋላ በእርሻ መካከል ለሁለት ይሰበራል። የቁሳቁስ ጥንካሬ ትምህርት ላይ ስለ ውጥረት መከማቸት የምትማሩት ነገር የሚኖረው እዚህ ነው፣ በመዳፍ ስፋት ብረት ላይ።

ቴስታታውን በእጅ ሠራነው። ቫልቮቹ በማለስለሻ ቅባት ተፈጭተው መቀመጫቸውን ይዘዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ምን ያህል እንደ ሰመጡ መለካት ግድ ነው። 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቫልቭ 1 ሚሊሜትር ቢሰምጥ 1.26 ሲሲ ቦታ ይጨምራል። የሚቀረው ቦታ 48 ሲሲ ብቻ በሆነበት ሞተር፣ በዚያ ላይ አየሩ በሳሳበት አገር፣ ሁለት የሰመጡ ቫልቮች ጠዋት መነሣትና አለመነሣትን ይወስናሉ። ካምሻፍቱን፣ የጊዜ ማርሾቹን፣ የዘይት ፓምፑን ለክተን በቦታቸው አስቀርተናል። የናፍጣ ፓምፑን አልነካነውም፤ ያለ መፈተኛ መሣሪያ የሚፈታ ፓምፕ ተመልሶ አይስተካከልም። ኖዝሎቹ ግን ለባለሙያ ተሰጥተው ተፈትነዋል። ተማሪዎች እንድትይዙልኝ የምፈልገው፦ የኖዝል ጭስ መሰል ርጭት ቆዳ ሰንጥቆ ደም ውስጥ ይገባል፤ ጣት አይቀመጥበትም።

አሁን ፍሪሲዮኑ። ይህ ትራክተር እንደ መኪና ሻንሲ የለውም። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላው ዲፈረንሻል አንድ ላይ ታስረው ራሳቸው አካል ናቸው። ፍሪሲዮኑ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ስላለ፣ እርሱ ጋ ለመድረስ ትራክተሩን ከወገቡ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ሥራውን ሁሉ የሚወስነው ይህ ነው። የፊት አክሱሉ በመሐል አንድ ዘንግ ላይ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ በመሆኑ፣ ከኋላው የተላቀቀ ሞተር ወደ ጎን ይገለበጣል። ጋሼ ገና ቡሎን ሳይነካ በፊት አክሱሉና በድጋፉ መካከል ግራና ቀኝ የዋንዛ ሽብልቅ አስመቱ። ክሪክ ከዚያ በኋላ ነው፣ ቁልፍም ከዚያ በኋላ። በየመጻሕፍቱ ይህ በአንድ መስመር ያልፋል፤ ሰው የሚሞተው በዚያች መስመር ላይ ነው።

የ135 ፍሪሲዮን በብዙዎቹ ላይ ድርብ ነው። ፔዳሉን እስከ ግማሽ ስትረግጡ ወደ ጎማ የሚሄደው ኃይል ብቻ ይቋረጣል፤ የኋላው የኃይል መስጫ ዘንግና የሃይድሮሊክ ፓምፑ መዞራቸውን ይቀጥላሉ። እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ሁለቱም ይቆማሉ። አንዱ ዘንግ በሌላው ባዶ ዘንግ ውስጥ ያልፋል፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ዲስክ አለው። ለገበሬው ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ትራክተሩን አቁሞ መፈልፈያውን ሳያቋርጥ እንዲያዞር የሚያስችለው ይህ ነው። ለአዳሹ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ፍሪሲዮን ማስተካከል ማለት ነው።

ክፍሉ እንደ ተከፈተ የመንሸራተቱ ምክንያት ታየ፦ ሸራው አላለቀም ነበር፤ በዘይት ርሷል። የደረቀ ሸራ ከብረት ጋር ያለው የሰበቃ መጠን 0.3 ገደማ ነው፤ ዘይት ሲነካው ወደ 0.1 ይወርዳል። የፍሪሲዮን የመሸከም አቅም ከሰበቃው ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ አቅሙ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ ማለት ነው። ከሞተሩ ጉልበት ሁለት እጥፍ እንዲሸከም የተሠራ ፍሪሲዮን እንኳ በዚህ ሁኔታ የሚሸከመው የጉልበቱን ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ማረሻው መሬት ሲነክስ መንሸራተቱ የሚጠበቅ ነበር። ስለዚህ አዲስ ዲስክ ብቻ ገዝቶ መግጠም በሽታውን ትቶ ምልክቱን ማከም ይሆን ነበር። በሽታው ከኮሎው ኋላ ነው። በእነዚህ ሞተሮች የኮሎው የኋላ የዘይት መከላከያ ገመድ መሰል ጠፍጣፋ ማኅተም ነው፤ በሁለት ግማሽ ቤት ውስጥ ይጠቀጠቃል። የእኛው ደርቆና ጠቁሮ እንደ ከሰል ሆኖ ነበር። አዲሱ በቤቱ ውስጥ በክብ እንጨት ተዳምጦ ሲገባ ጫፎቹ ከቤቱ መገናኛ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ብቅ እንዲሉ ይደረጋል፤ ሁለቱ ግማሾች ሲጠበቁ ጫፍ ከጫፍ እንዲጫኑ ነው። አንድ ተማሪ ብቅ ያለውን በምላጭ ሊያስተካክል ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። ከሥራው ሁሉ ርካሹ ዕቃ ያ ገመድ ነበር፤ የመክፈቻ ዋጋው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ስለ አቧራው አንድ ነገር ልናገር። የድሮ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ አላቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገድል በሽታ ያስከትላል። በየጋራዡ ግን ቤቱን በአየር መንፋት የተለመደ ነው። እኛ በውኃ በራሰ ጨርቅ ጠርገን፣ ጨርቁን በላስቲክ ከረጢት አሥረን አስወግደናል። የአየር ቱቦውን ያን ቀን ከወርክሾፑ አወጣሁት፤ ልማድ በምክር ብቻ አይቀርምና።

ዲስኮቹን በተመለከተ፣ ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ያወጣል፤ ስለዚህ ሸራው መቀየር ነበረበት። የዋናውን ዲስክ አዲስ ገዛን። የኃይል መስጫው ዲስክ እምብርት ግን ጥርሶቹ ጤነኛ፣ አካሉም ያልተጣመመ ስለነበር አዲስ ሸራ በመዳብ ሪቬት አስመታንበት። የሪቬቱ ራስ ከሸራው ፊት ጠልቆ መቀመጡን አንድ በአንድ አየን፤ ያልጠለቀ ሪቬት ፍላይዊሉን እንደ ማረሻ ያርሰዋል። ፍላይዊሉ ራሱ በሙቀት ሰማያዊ ነጠብጣብ ስለ ያዘ በቶርኖ ተላጨ። በመሐሉ ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታ፣ ስትዞር ድምፅ ባታሰማም፣ ቀየርናት። ያ ክፍል በድጋሚ እንዲከፈት አልፈለግንም።

ሁለቱን ዲስኮች በአንድ መሥመር ለማሰለፍ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከውጭ ይገዛል። ተማሪዎቹ ከወዳደቀ የአክሱል ብረት ሁለት ደረጃ ያለው ዘንግ በቶርኖ አወጡ፤ የፈጀው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የማላቀቂያ ጣቶቹን ቁመት በጥልቀት መለኪያ አስተካከልን። አንዱ ከሌላው በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ቢለያይ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ይንቀጠቀጣል፤ ነጂው ጥፋቱን ከሞተሩ ይመስለዋል።

ያልሠራነውንም ልንገራችሁ። የውኃ ፓምፑ ጥቂት ያንጠባጥብ ነበር፤ ተውነው። ሞተር ማስነሻው፣ ዳይናሞው፣ የመሪው ልል ጫፎች ሁሉ ከውጭ የሚደረስባቸው ናቸው፤ በጊዜያቸው ይታያሉ። ቀለምም አልቀባንም። ባለቤቶቹ ቀዩን ቀለም ወድደው ጠይቀውናል፤ የቀለሙ ገንዘብ ለኋላ ማኅተም፣ ለኩሽኔታና ለአንድ ዲስክ ሸራ እንደሚበቃ ስናስረዳቸው ስቀው ተዉት። በሰኔ የውኃ ፓምፑ እንደተጠበቀው ለቀቀ፤ ራሳቸው ማሳ ዳር ቀይረው ከሰዓት በኋላ ማረሳቸውን ቀጥለዋል።

ስለ ማለማመድ አንድ ቃል። አዲስ ፋሻ የገባለት ሞተር በቀስታ፣ ያለ ጭነት፣ ለሰዓታት ይዙር የሚል እምነት አለ። ለናፍጣ ሞተር ይህ ጎጂ ነው። ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው የቃጠሎው ግፊት ከጀርባው ሆኖ ሲገፋው ነው፤ ጭነት ከሌለ ግፊቱ ያንሳል፣ የሲሊንደሩ ፊት ይመለጣል፣ ሞተሩም ዕድሜ ልኩን ዘይት ይበላል። እኛ ናፍጣውን ዘግተን የዘይት ግፊት እስኪታይ አዞርነው፤ ከዚያ አስነሣነው፤ ውኃው እንደ ሞቀ መካከለኛ ጭነት ሰጠነው። በመጀመሪያው ቀን ተጎታች አስጎተትነው፣ በሁለተኛው ቀላል መሬት አሳረስነው። በግንቦት መጀመሪያ ወደ አርሲ ሲመለስ በሞቀ ዘይት ግፊቱ መጽሐፉ ከሚለው መካከል ላይ ነበር።

ከባልደረቦቼ አንዳንዶች ይህ የመካኒክ ሥራ እንጂ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክትም አይበቃም ሲሉ ሰምቻለሁ። አከብራቸዋለሁ፤ አልስማማም። የተመረቁ ተማሪዎቻችን በሕይወታቸው አዲስ ሞተር የመንደፍ ዕድል የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ ባለቀ መሣሪያ ፊት ቆመው፣ በእጃቸው ባለው ገንዘብ፣ ምኑ ይቀየር ብለው የሚጠየቁት ግን ሁሉም ናቸው። ያንን ውሳኔ በልኬትና በስሌት መስጠት ምን ሌላ ስም እንዳለው አላውቅም። የፕሮጀክቱ ጥያቄ በሚቀጥለው የትምህርት ክፍል ስብሰባ ይቀርባል፤ ተማሪዎቹ የለኩበት ደብተርም አብሮ ይቀርባል።

ከመድረኩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ የወጡት ዕቃዎች ተቀምጠዋል፦ የተጫረው ላይነር፣ የተሰበረው ፋሻ፣ ዘይት የጠጣው ዲስክ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከሰል የመሰለው ማኅተም። ላስቲኩን ግን አትፍቱት። ማይክሮሜትሩና የሲሊንደር መለኪያው አጠገባቸው ናቸው። ላይነሩን ከላይኛው ጫፍ 10 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ብላችሁ፣ አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ፊትና ኋላ ለኩት፤ ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንደሚለያዩ የሚነግረኝ ሰው ካለ ጥያቄና መልሱን ከእርሱ እንጀምራለን።